ከሰገሌ ሜዳ ዳር ያለች መንደር

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሰንዳፋን፣ በኬንና አለልቱን አልፈን ሸኖ የደረስነው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ሸኖን የሚያውቃት በለጋ ቅቤዋ ነው፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ቅቤውን ለጎረቤት እያስሸተተች «የሸኖ ነው» ስትል መስማቴን አስታውሳለሁ። የዛሬው አመጣጤ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። አብሮኝ የሚጓዘው የሥራ ባልደረባዬ የተወለደባት መንደር ከሰገሌ ሜዳ ዳር ያለች በመሆኗ፣ «አያቴን ላስተዋውቅህ» እያለ ሁለት ዓመት ሲጎተጉተኝ ከቆየ በኋላ በዚህ ሳምንት ተነሣን። የመንደሯንም ሆነ የሰዎቹን ስም በዚህ ማስታወሻ አልጽፍም፤ አያትየው አስቀድመው አደራ ያሉን ነገር ይኸው አንድ ብቻ ነውና።

የ1909 ዓ.ም. ጦርነት የተደረገባትን ሰገሌን እስከ ዛሬ የማውቃት እንደ ማንኛውም ተማሪ በነገሥታቱ ታሪክ በኩል ነው። አጼ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት በመኳንንቱ ምክርና በአቡነ ማቴዎስ ግዝት ፈቺነት ተሽረው፣ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልጃቸው የተሻረባቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል 80,000 ይደርስ ነበር የሚባል ሠራዊት ይዘው ከደሴ ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት እንደ ገባም ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድን ገጥመው ድል ነሡ፤ ራስ ልዑልሰገድም ከብዙ ሰዎቻቸው ጋር እዚያው ወደቁ። ንጉሡ ያን ድል ይዘው ወደ አዲስ አበባ በመገስገስ ፈንታ በዘገዩበት ሰሞን፣ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በወዳጅነት ቃል እያዘናጓቸው የሸዋን ጦር አሰባሰቡ ይባላል። ጥቅምት 17 ቀን ሁለቱ ሠራዊቶች ሰገሌ ላይ ተገናኙ፤ ሲመሽ ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው ነበር። ልጃቸው ለእርዳታ እየመጡ አንኮበር አካባቢ ሲደርሱ ሁሉም ነገር አብቅቶ ነበርና ወደ ኋላቸው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሳነብ የማን ጦር በቀኝ፣ የማን ጦር በግራ እንደ ተሰለፈ ብዙ አግኝቻለሁ፤ ሜዳውን ማን ያርሰው እንደ ነበር፣ በዚያ ጥቅምት ምን እንደ ተዘራበት የነገረኝ መጽሐፍ ግን አላጋጠመኝም። የመጣሁት ይህን ለመጠየቅ ነው። ማታውን ሸኖ አደርን፤ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16 ቀን

ቡናና ስኳር ለእጅ መንሻ ገዝተን ማለዳ በእግር ተነሣንና ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። አገሩ ከሩቅ ሲያዩት ለጥ ያለ ይመስላል፤ ሲሄዱበት ግን እያጎነበሰና እያነሣ የሚሄድ፣ ጉብታው ለእርሻና ለቤት፣ ረባዳው ለግጦሽ የተተወ ደጋ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ሲሆን ክረምት ላይ እግር ይይዛል፤ አሁን ዝናቡ ካባራ ሦስት ሳምንት ስለሆነው መሰንጠቅ ጀምሯል። ገብሱ አሽቷል። በየቤቱ ጓሮ ከሰው ቁመት በላይ የተከመረ ኩበት ይታያል፤ እንጨት በሌለበት በዚህ ደጋ የሚነደው እርሱ ነውና የቤቱ ሀብት በክምሩ ቁመት ይገመታል።

የባልደረባዬ አያት 85 ዓመታቸው ነው። ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ጉልበታቸውን ስሜ «አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ስላቸው ግንባሬን ስመው «ብርድ ሳይመታህ ግባ፣ ልጄ» አሉኝ። በመንደሯ አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል፤ አባባ አንዱን ነገር በአንደኛው ቋንቋ ጀምረው በሌላው ሲጨርሱት እርሳቸውም ሰሚዎቻቸውም ልብ አይሉትም። ምራታቸው የገብስ ገንፎ በቅቤ አቀረቡልንና ከበላን በኋላ ወሬ ተጀመረ።

እኔ ስለ ጦርነቱ ስጠይቃቸው አባባ የመለሱልኝ ስለ እናታቸው ነው። በሰገሌ ዘመን እናታቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚህ መንደር ዕድሜ ሲቆጠር የኖረው በዚያ ነው፤ እገሌ ከሰገሌ በፊት የተወለደ ነው፣ እገሊት በሰገሌ የተፀነሰች ናት እየተባለ። አባባ ራሳቸው «ሰገሌ ካለፈ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት» ተወለዱ።

ያን ጊዜ መንደሯ ከአሥር የማይበልጡ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች ነበሯት። መሬቱ ቀላድ ተጥሎበት የተለካ ሲሆን ከፊሉ የነባሮቹ ርስት፣ ከፊሉ ለወታደር ማደሪያ የተሰጠ ነበር። ገባሩ ለመንግሥት አሥራት ይከፍላል፤ መሬቱን ለሚያስተዳድረው ሹም ለመልከኛው ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ እህል ይፈጫል፣ በዓመት በዓሉም መታያ ይዞ ደጅ ይጠናል። አጼ ምኒልክ አሥራትን የደነገጉት ወታደር በባላገር ቤት እያረፈ ጎተራ እንዳያራቁት ብለው ነበር፤ ደንቡ ግን ለሰላም ቀን ነው። ዘመቻ ሲመጣ ዘማቹ ከቤቱ የያዘው ስንቅ በመንገድ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚበላው ካለፈበት አገር ነው። ከዘማቹ ጋር ደግሞ ስንቅ ተሸካሚው፣ ወጥ ሠሪዋ፣ አጋሰሱና በቅሎው ይጓዛል፤ ሁሉም ይበላል።

የእናታቸው ወሬ የሚጀምረው ከከብት ነው። አባታቸው (የአባባ አያት መሆናቸው ነው) ከቶራ መስክ የሸሸ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ አይተው፣ በዚያው ሌሊት በሬዎቹንና ሁለት ላሞችን ወደ ከሰም ቆላ ነድተው ወረዱ። ሴቶቹና ልጆቹ ቀሩ። በማግስቱ የሸዋ ጦር ቀድሞ መጣና ከመንደሯ በታች ባለው መስክ ሰፈረ። ወታደሮቹ ክፉ አልነበሩም ይላሉ፤ «እናቴ ብዬ ልለምንሽ» እያሉ ነበር የሚገቡት። ነገር ግን ለምኖ የሚበላ ሰው ሺህ ሲሆን ጎተራ አይችለውም። የጎተራው እህል ሲያልቅ ወደ ማሳው ወረዱ፤ ገብሱ እሸት ነበርና ሰውም ፈረሱም ከነአገዳው ጨረሰው። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ቆዩና «እናቴ በዚያ ዓመት ውርጭ አልወረደም ትል ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ያለ ገብስ አላየችም» አሉኝ።

የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ለዚህ አገር ገበሬ ከጦር የማይተናነስ ጠላት ነው። አንድ ሌሊት ይወርድና ያሸተውን ባቄላ አጥቁሮ፣ ገብሱን እፍን አድርጎ ያድራል። በደህና ዓመት የተገኘ ምርት ማለት የሚቀጥሉት ሁለት ክፉ ዓመታት ቀለብ ማለት ነው። ስለዚህ የ1909 ዓ.ም. ጥቅምት ከዚህ መንደር የወሰደው የአንድ ዓመት እህል ብቻ አልነበረም፤ ዘሩንም ጭምር ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ዘር የተገኘው ከሩቅ ዘመድ በብድር፣ በአንዱ ሁለት እየተመለሰ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17 ቀን

ዛሬ ውጊያው የተደረገበት ቀን ነው። በዚያም ዓመት ዕለቱ ዓርብ ነበርና የዘንድሮው ጥቅምት 17 በዚያው ዕለት መዋሉን ለአባባ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእርሳቸው ቤት ግን ይህ ቀን የሰገሌ ቀን አይባልም፤ እስጢፋኖስ ነው የሚባለው።

ጎሕ ሲቀድ ወደ ሜዳው ወጣን። አባባ በትራቸውን ይዘው ቀደም ቀደም አሉ፤ ባልደረባዬና እኔ ተከተልናቸው። ጭጋጉ ከረባዳው ገና አልተነሣም ነበር። ውጊያው የተጀመረው በዚህ ሰዓት መሆኑን አስቤ ቆምሁ፤ ሁለቱም ወገን መትረየስና መድፍ ነበረው፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከአድዋ ወዲህ በአገሪቱ ምድር እንደዚያ ያለ ትልቅ ውጊያ አልተደረገም ነበር። አድዋ ላይ በአንድነት የተሰለፉት የሸዋና የወሎ ሰዎች ከሃያ ዓመት በኋላ እዚህ መስክ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ራስ ሚካኤልም ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም የምኒልክ አሽከሮች ነበሩ። ይህን መጽሐፍ ላይ ሳነበው እንደ ተራ ነገር አልፌው ነበር፤ ሜዳው ላይ ቆሜ ሳስበው ግን ተጫነኝ።

ከጉብታው ሥር አሁን ገብስ የበቀለበትን አንድ ማሳ አባባ በበትራቸው አሳዩኝ። መሬቱ ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመት ሳይታረስ ሣር ሆኖ ቆየ፤ ሰዉ ሞፈር ሊያሳርፍበት አልደፈረም። በውጊያው የወደቀው ሰው ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተቀብሮበት ነበርና። መጀመሪያ የታረሰው በአባባ አባት እጅ፣ ገበሬዎቹ ጓይ በሚሉት ዘዴ ነው። ጓይ ረጅም ጊዜ ያረፈ መሬት ደጋግሞ ታርሶ ጓሉ ከደረቀ በኋላ በየቦታው ተከምሮ፣ ከውስጡ ኩበት ተደርጎ በእሳት የሚጠበስበት ሥራ ነው፤ አፈሩ ቀናት ሙሉ ሲጨስ ሰንብቶ ይቀላል፣ ከዚያም ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው ምርት የሚያስደስት ሲሆን ከሁለት ሦስት አዝመራ በኋላ ግን መሬቱ ይደክምና እንደገና ለዓመታት ይተዋል። አባትየው ጓሉን ሲከምሩ አጥንት ያገኙ እንደ ሆነ ለብቻ እየለዩ በቁና ሰበሰቡና ቄስ ጠርተው፣ ፍትሐት አስፈትተው በአንድ ጉድጓድ አስቀበሩት። ቄሱ በየትኛው ስም እንደሚያነሡ ጠየቁ፤ ስምም ሃይማኖትም የሚያውቅ አልነበረም፤ ከወሎ የመጣው ሠራዊት ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበርና። «አንተው በምታውቃቸው» ተብሎ ተፈታ።

ወደ ቤት ስንመለስ የአባባ ምራት ዝክሩን አሰናድተው ጠበቁን። ዓርብ ጾም ስለሆነ የገብስ ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ብቻ ነው የቀረበው። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ መጀመሪያ ለልጆች፣ ቀጥሎም አንድ ቁራሽ ከግቢው ውጭ ለሚያልፍ ሰው ተለይቶ ተቀመጠ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ዝክሩን የጀመሩት የአባባ አያት ሴትየዋ ሲሆኑ፣ የዚያን ዓርብ ማታ ከእህል የቀረችውን አንዲት እፍኝ ገብስ ቆልተው ለልጆቻቸው ሊሰጡ ሲሉ በር ላይ አንድ ቁስለኛ ወድቆ አገኙ። ጭኑን ጥይት የበሳው የወሎ ልጅ ነበር። ቆሎውን አካፈሉት። እስጢፋኖስ ልጆቼን ካተረፈልኝ በየዓመቱ እዘክርሃለሁ ብለው የተሳሉት በዚያች ሌሊት ነው።

ቁስለኛው በጎተራው ውስጥ ተደብቆ ሦስት ሳምንት ተኛ፤ የሚሞላው እህል የሌለው ጎተራ ለዚያ ጠቀመ። ሲድን አገሩ አልገባም። ከቆላ ከብት ይዘው የተመለሱትን የቤቱን ጌታ መሬት እያረሰ ምርቱን ለግማሽ የሚካፈል እኩል አራሽ ሆኖ ቀረ፤ አገባ፤ ወለደ። ስሙን የሚያነሣ ጥቂት ነው፣ መንደሩ «ወሎዬው» እያለው ኖረ፤ ዛሬ ከዝክሩ ላይ ከተቀመጡት ጎረቤቶች መካከል ሦስቱ የልጅ ልጆቹ ናቸው።

ከእነርሱ አንዷ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት፣ ከጉያቸው አንድ ዕቃ አውጥተው አሳዩኝ። የጥይት ቀለህ ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል፣ ረጅም፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ አባባ አይተው የውጅግራ ጠመንጃ መሆኑን የነገሩኝ። ናሱ በእጅ ብዛት እንደ ወርቅ ለስልሷል፤ ከቂጡ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ ጠፍቷል። አፉ በወይራ ውታፍ ተደፍኗል፤ ከውታፉ ጋር ቀጭን መኳያ ተያይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። የኩል ዕቃ ነው። አያታቸው ወሎዬው ከማሳው አንሥቶ ለሚስቱ የሠራላት ሲሆን፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እርሳቸው ዘንድ ደርሷል። ሲከፍቱት የኩሉ ሽታ ወጣ። በሠርጋቸው ቀን የተኳሉት ከዚያ ነው፤ የልጆቻቸውም ሙሽርነት እንዲሁ። እጄ ላይ አስቀምጠው እስክጠግብ አይቼው ስመልስላቸው፣ የሰገሌን ታሪክ በንጉሦች ስም ብቻ ተምሬ መኖሬ ቆጨኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18 ቀን

ዛሬ ብዙ አልሄድንም፤ አባባ ደክሟቸው ነበርና እቤት ተቀምጠን የኋለኛውን ዘመን አወራን።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ አባባ የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በደጋው ላይ አውራ ጎዳናው ሲሠራ የመንደሩ ወጣት ድንጋይ ፈለጣ ተያዘ፤ ያመለጠው ደግሞ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የነበሩትን አርበኞች ተከትሎ ወደ ቆላው ወረደ። ያኔ ከሰም ቆላ ከብት የተሸሸገበት መንገድ ለሰው መሸሸጊያ ሆነ። አንዱ ትውልድ የከፈተውን መንገድ ሁለተኛው ያውቀዋል፤ ይህ በመንደር ታሪክ ውስጥ እንጂ በዘመቻ ታሪክ ውስጥ አይገኝም።

የበለጠ ያነጋገረን ግን መሬቱ ነው። ወሎዬው እስኪሞት እኩል አራሽ ነበር፤ ልጆቹም እንደዚያው። ቤታቸው የተቀለሰበት ቦታ እንኳ በሰው ርስት ላይ ስለ ነበር፣ ከባለርስቱ ጋር ቢጣሉ ማደሪያ አልነበራቸውም። የአባባ ቤተሰብ አስነሥቷቸው አያውቅም፤ ያም ሆኖ ምርቱን እኩል ይካፈል ነበር። አባባ ይህን ሲናገሩ አልሸፈኑም፤ «ቆሎ አካፍለን አዳንነው፤ ልጆቹን ግን ግማሽ ስናስገብር ኖርን» አሉ። ከወሎዬው የልጅ ልጆች አንዱ አጠገባቸው ተቀምጦ እያለ ነው ይህን ያሉት። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ መሬቱ በገመድ እየተለካ ለቤተሰብ ሲደለደል፣ ያ ከሜዳው ሥር ያለ ማሳ ለወሎዬው ልጆች ደረሰ። አባባ ከአባታቸው ርስት ሲሶውን ያህል አጡ። ተቀይመው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና፣ «በመጀመሪያው ዓመት ተቀይሜ ነበር። በሁለተኛው በሬዬ ሲሞት በሬ ያቀናጁኝ እነርሱ ናቸው» አሉኝ።

እኔ ከዚህ መንደር የሰማሁት ትልቁ የታሪክ ቃል ይህ ነው እላለሁ። ውጊያው አንድ ቀን ፈጀ፤ ከውጊያው የተረፈው ሰው በመንደሩ ውስጥ እንደ ባዳ የታየበት ዘመን ግን 58 ዓመት ቆየ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚያስታውሱት የኖሩበት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 19 ቀን

ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ቆሞ ስለ ነበር ውርጭ እንዳይወርድ ቤቱ ሁሉ ሲሠጋ አደረ። ሊነጋጋ ሲል አባባ በጋቢያቸው ላይ ባና ደርበው ሲወጡ ሰምቼ ተከተልኋቸው። ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፤ ባቄላው ዳር ዳሩን ተመትቷል። ወደ ገብሱ ገቡና አንዱን ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት፤ እፍ አሉበት፤ ፍሬዎቹን በጣታቸው እየለዩ ቆጠሩ፤ አንዱን ነክሰው ወተቱን ቀመሱ። «ተርፏል» አሉና ከመዳፋቸው ግማሹን ወደ መዳፌ ገለበጡልኝ። እየቆረጠምን፣ ፀሐይዋ ከሜዳው ማዶ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ማሳው ውስጥ ቆየን። ቁርስ በልተን ስንነሣ ምራታቸው አንድ ዳቦ በሻሽ ጠቅልለው ሰጡን፤ ሸኖ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው።